ለልብ ሰቃይ ፊልም የመሸበት እንግዳና አንድ የመንዝ ቤት ይበቃል

«ሁለት ሰው ብቻ ያለበት ፊልም ተመልካች ያሰለቻል» የሚለው አባባል ከፕሮዲዩሰሮች አፍ አይጠፋም። ስለዚህ ለልብ ሰቃይ ፊልም የተያዘው ገንዘብ በመኪና ማሳደድ፣ በሽጉጥና ጆሮ በሚያደነቁር ማጀቢያ ያልቃል። ትልቅ ስህተት ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ የሚያድሩበት ታሪክ በጥቂት ብር ይሠራል፤ በደንብ ከተሠራም ከሽጉጡ ይበልጥ ያስፈራል። ለዚህ ደግሞ ሰሜን ሸዋን የሚያህል ቦታ የለንም። የጣርማበርና የመንዝ ገደል ለካሜራ ያምራል፤ እኔን የሚስበኝ ግን እንግዳ የመቀበሉ ሥርዓት ነው። ግማሹ ድርሰት እዚያ ውስጥ ተጽፎ አልቋል።

አስቡት። ጉም መንገድ ያሳተው ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት በሩን ይከፍታሉ። እግሩን ሳይታጠብ፣ እህል ሳይቀምስ ከወዴት መጣህ፣ ማን ነህ ብሎ ማዋከብ ነውር ነው። እሱም ቢሆን ጓዳ ዘልቆ አይገባም። ሁለቱ እውነቱን ለምን እንደማይጠያየቁ ደራሲው ሰበብ መፈለግ የለበትም፤ ይሉኝታ ይሠራለታል።

ጠላው ሲቀዳ ደግሞ የሚቀዳው ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ እንደሌለበት ማሳያ ነው። ይህን የመጀመሪያ ቅጃ ዳይሬክተሩ በ85 ሚሊሜትር ሌንስ ቀርቦ ሳይቆርጥ ይቅረጸው። ገንቦው ዘንበል ይላል፤ ጠላው ከአሮጊቷ መዳፍ ላይ ጠብ ይላል፤ ከንፈራቸውን ይነካል፤ ከዚያ ዋንጫው ይሞላል። ከ40 ደቂቃ በኋላ በዚያው ማዕዘን፣ በዚያው ሌንስ አሮጊቷ እንደገና ጠላ ይቅዱ፤ አሁን ግን አይቅመሱ። ሙዚቃ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ቅጃ ተቆራርጦ ወይም ከሩቅ ተቀርጾ ከሆነ ግን ሁለተኛው ምንም አይናገርም።

ሌላው መሣሪያ ቋንቋችን ነው። እንግዳው «እማማ፣ እርስዎ» ይላል፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉታል። ስልሳኛው ገጽ አካባቢ እንግዳው በተረጋጋ ድምፅ «አንቺ» ቢል ቢላዋ ከመምዘዝ በላይ ነው። የሚሠራው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስክሪፕቶቻችን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንቱታውንና አንቺታውን ያደባልቁታል፤ ተዋናዩም ቃል ሲጠፋው ከራሱ ይጨምርበታል። ስለዚህ በልምምድ ጊዜ የግሱን መጨረሻ እየተከታተለ የሚያርም አንድ ሰው ይመደብ።

ሲጻፍ ወረቀቱን ለሦስት መክፈል ያዋጣል፦ እንግዳው የሚያውቀው፣ አሮጊቷ የሚያውቁት፣ ተመልካቹ የሚያውቀው። እያንዳንዱ ትዕይንት ከሦስቱ ቢያንስ አንዱን ካልለወጠ ይውጣ። ብዙ ድርሰት የሚወድቀው ምስጢሩን ሁሉ ለመጨረሻው አሥር ደቂቃ ስለሚያከማች ነው። ተመልካቹ ምን እንደሚፈራ ሳያውቅ ይቆይና አንዱ ገጸ ባሕርይ ቆሞ ይተርክለታል። መደቡ ላይ ከተነጠፈው ባና ሥር ቢላዋ መኖሩን አስቀድመን ካየን ግን እንግዳው እዚያው ላይ ተቀምጦ ቆሎ መቆርጠሙ ራሱ ያስጨንቃል።

ከሰው ተነጥለዋል ለማለት «ኔትወርክ የለም» አይበቃም። ከደብረ ብርሃን በጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው የደሴ መንገድ ከባድ መኪና እንደማያጣ ተመልካቹ ያውቃል። ታዲያ ይህንኑ መጠቀም ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ካስቆፈረው ዋሻ በኩል የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ መብራቱ በጉሙ አይታይም፤ በገደል አፋፍ ወደ ድምፁ መሮጥ ደግሞ ሞት ነው። ለቀረጻው ግን ቤቱ ከአስፋልቱ ራቅ ይበል። የመኪናው ድምፅ ለብቻው ተቀርጾ በኤዲቲንግ ይግባ፤ ከንግግር ጋር አብሮ ከተቀረጸ በተቆረጠ ቁጥር ሞተሩ ይዘላል።

ጉሙ ከይፋት ቆላ የሚወጣ እርጥብ አየር አፋፉ ላይ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ነው፤ በደቂቃዎች መጥቶ በደቂቃዎች ይገፈፋል። ስለዚህ ሲመጣ ሰፋፊው ሾት ይቅደም። የፊት ሾት በኋላ በጭስ ሊመሰል ይችላል፤ ሸለቆ ሙሉ ጉም ግን በጭስ አይመሰልም። ጉሙ ባልመጣበት ቀን የቤት ውስጥ ትዕይንት ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

የቤቱ ብርሃን ኩራዝ ቢሆን ከኩራዙ ጀርባ ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሆነ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ይደበቅ፤ የካሜራው ኋይት ባላንስ፣ ማለትም የቀለም ማስተካከያው፣ 3,200 ላይ ይቆለፍ። በአውቶ ከተተወ ተዋናዩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የፊቱ ቀለም ይለዋወጣል። በከተማ መብራት ሲሠራ ደግሞ ኤሌክትሪካችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ሹተሩ (ካሜራው ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ይሁን፤ በ1/60 ርካሽ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ምድጃው ላይ የሚነደው ኩበት ብዙ ነበልባል የለውም፤ ፍሙ ለፊት የሚበቃ ብርሃን ይሰጣል ብሎ መተማመን አይገባም። ከሰል የሚነድ ከሆነ በየቀረጻው መሀል በሩ ይከፈት። የድንጋይ ቤት መስኮት ጠባብ ነው፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል።

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ለባትሪም ይሠራል። በውርጭ ቶሎ ስለሚደክም መለዋወጫው ከጃኬት ውስጥ ገላ ተጠግቶ ይያዝ። ከውጭ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት የሚገባ ካሜራ በደንብ በታሰረ ላስቲክ ተጠቅልሎ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ አለዚያ ሌንሱ ላብ ይይዛል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ። ከቆላ የመጣ ተዋናይ በደረሰበት ቀን ሩጫ ይጠየቅ ዘንድ አይገባም፤ ሁለት ቀን ይረፍ።

የዘጠና ገጽ ስክሪፕት በቀን አምስት ገጽ ቢቀረጽ 18 ቀን ይወስዳል። ቤቱ አንድ ስለሆነ ትዕይንቶቹን በታሪኩ ቅደም ተከተል መቅረጽ ይቻላል፤ ይህ ዕድል ለብዙ ፊልም አይገኝም። ድካሙም፣ የኩራዙ ጥላሸትም፣ አለመተማመኑም እውነተኛ ይሆናሉ። ከመብራት ኪራይ ተቀንሶ ለድምፅ ባለሙያው ይጨመርለት፤ ማይኩ ከተዋናዩ ራስ በላይ ሁለት ስንዝር ያህል ርቆ ይቁም። በየምሽቱ ሥራ ሲያበቃ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ የቤቱ ዝምታ ለ60 ሰከንድ ይቀረጽ፤ ከዚያ የበሩ መቀርቀሪያ ሲገባና ሲወጣ፣ ለብቻው፣ ሦስት ጊዜ።