የብርሃን ምርመራው ከዳር ይጀምር

አዲስ የሕክምና መሣሪያ አገር ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚተከለው መሀል ከተማ ነው። እኛ ዳር ያለነው ወሬው ይደርሰናል። በብርሃን የሚደረገው የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ግን ከዳር ቢጀምር ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀጭን ዘንግ ወደ ማህፀን በር ተጠግቶ ብርሃን ይለቃል፣ ብርሃኑ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ይመለሳል፣ መሣሪያው የተመለሰውን ያነባል። ሴሎች ወደ ካንሰር ማዝመም ሲጀምሩ ኒውክሊየሳቸው (የሴሉ እምብርት) ይተልቃል፣ ከሥር ያለው ኮላጅን፣ ማለትም ሥጋውን ደግፎ የሚይዘው ፕሮቲን፣ ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይበዛሉ፤ ስለዚህ የሚመለሰው ብርሃን ከጤነኛው ይለያል። ሥጋ መቁረጥ የለም። ውጤቱም እዚያው ይታወቃል።

ለኛ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ «እዚያው» የሚለው ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ሴት ናሙና ሰጥታ «ለውጤቱ ሌላ ቀን ነይ» ስትባል ልጅ የሚይዝላት ትፈልጋለች፣ ከሥራ ታስፈቅዳለች፣ በጠዋት የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች፣ ቃሊቲ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ትቆማለች፣ ስትደርስ ደግሞ «ገና አልመጣም» ትባላለች። በዚያው ትቀራለች። ምን ይፈረድባታል? ቅድመ ካንሰር፣ ማለትም ገና ካንሰር ያልሆነው የሴሎች ለውጥ፣ እንደሆነ አያምም።

የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ግን ቀርፋፋ ነው፤ የሴሎቹ ለውጥ ካንሰር እስኪሆን ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል፣ ኤችአይቪ ኖሮባት መድኃኒት ያልጀመረች ላይ ግን ከ5 እስከ 10። ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጥ በሽታ በቀጠሮ ምልልስ ሲያመልጠን ያናድዳል።

«የአቼቶው ምርመራ፣ አሲድ ተቀብቶ የሚነጣ ቦታ በዓይን የሚፈለግበት፣ አለ አይደል እንዴ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ርካሽም ነው፣ ይቀጥል። ግን አሲዱ ሲነካው የነጣ ሁሉ ቅድመ ካንሰር አይደለም፣ ሁሉም በመርማሪዋ ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ብርሃኑ የሚያግዘው እዚህ ጋ ነው። እሱም ቢሆን ይስታል፣ ቁስለትና ደም ያምታቱታል፤ ናሙናን ጭራሽ ያስቀራል የሚል ሻጭ ከመጣ አትመኑት።

ደግሞ መሣሪያው ብቻውን እንዳይመጣ። አጠራጣሪውን ቦታ በሙቀት የሚያክመው መሣሪያም አብሮት ጤና ጣቢያው ይግባ፣ ሴትዮዋ በመጣችበት ቀን ታክማ ትሂድ። «የሆነ ነገር አይተናል፣ መሀል ከተማ ሂጂ» ከተባለችማ ምኑን ተሻለ? ባትሪ ያለውም ይሁን፤ የሰፈራችን መብራት ጠባዩ ይታወቃል።