«መልሱ ሐ ነው» አትበሉኝ፣ ለምን እንደሆነ ንገሩኝ

ዛሬ ይህን ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለሕክምና ትምህርት መግቢያ ፈተና መዘጋጀት ከጀመርኩ ወራት ተቆጥረዋል። በእነዚህ ወራት ፊዚዮሎጂን፣ ማለትም የሰውን አካል አሠራር፣ ከልቤ ወድጄዋለሁ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ይህን የመሰለ ትምህርት ነፍሱን አውጥተው አጥንቱን ብቻ ያስቆጥሩናል።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የመለማመጃ ጥያቄ ነው። «በጤነኛ ሰው አተነፋፈስን በዋናነት የሚቆጣጠረው በደም ውስጥ ያለው የየትኛው ጋዝ መጠን ነው?» ይላል። ሳላመነታ የኦክስጅንን ፊደል ከበብኩ። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ለማግኘት አይደለም እንዴ? ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ገልጬ መልሱን አየሁ። «ሐ» ይላል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ከ«ሐ» በኋላ አንድ ቃል እንኳ የለም። ለምን ሐ? ኦክስጅን ምን ጎደለው? ዝም።

በማግስቱ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጠንን መምህር ጠየቅሁ። «ይህ ጥያቄ ተደጋግሞ የሚመጣ ነው፣ በቃላችሁ ያዙት» አለና ወደ ቀጣዩ አለፈ። ክፍሉ በሙሉ አጎንብሶ ጻፈ። እኔም ጻፍኩ። ግን አንጀቴ አርሮ ነበር።

ማታ ሰዓቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ትንፋሼን ያዝኩ። የመጀመሪያዎቹ 20 ሰከንዶች ምንም አልነበሩም። ወደ 40ኛው ሰከንድ ስጠጋ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ይታገለኝ ጀመር፣ ሆዴ ከእኔ ፈቃድ ውጭ ይርገበገባል። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አፌ በራሱ ተከፈተ። ያን ጭንቀት ያመጣው ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዤ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደም ቅዳ ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት በጤነኛ ሰው 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። ትንፋሽ ሲታፈን ጋዙ ይጠራቀማል፣ ከደም ወጥቶ አንጎልን ወደሚያጥበው ፈሳሽ በቀላሉ ይሻገራል፣ እዚያ ከውኃ ጋር ተዋህዶ አሲድ ይሆናል። ሜዱላ በሚባለው የአንጎል ግንድ ክፍል ያሉ ሕዋሳት ይህን የአሲድ ጭማሪ ወዲያው ያውቁታል፣ «ተንፍስ» የሚለውን ትእዛዝም ያጠነክሩታል። እነዚያ ሕዋሳት ኦክስጅንን አይለኩም። ኦክስጅንን የሚለኩት በዋናነት አንገት ላይ ያሉ ጥቃቅን አካላት ናቸው፣ እነሱም የኦክስጅን ግፊት ከ100 ወደ 60 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ እስኪወርድ ድረስ ያን ያህል አይጮኹም።

ለምን እስከ 60 ይታገሣሉ? እዚህ ላይ ስደርስ ከወንበሬ ተነሣሁ። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅንን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ግፊቱ 60 ላይ ሆኖም ቢሆን ከሚችለው ኦክስጅን 90 በመቶ ያህሉን ተሸክሟል! አካል የሚሰጋበት ምክንያት ገና አልመጣም። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ በሌላ ምዕራፍ፣ የሄሞግሎቢንን ጠመዝማዛ መስመር፣ በየግፊቱ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚሸከም የምታሳየውን ግራፍ፣ በቃላችን ይዘን ነበር። ላይኛው ጫፏ ዝርግ ነው፣ ከ60 በታች ቁልቁል ትወርዳለች። የዚያች መስመር ቅርጽና የእኔ የ40 ሰከንድ ጭንቀት የአንድ ታሪክ ሁለት ገጽ መሆናቸውን ማንም አልነገረንም። በተለያየ ሳምንት፣ በተለያየ ወረቀት፣ እንደማይተዋወቁ እንግዶች ሸመደድናቸው።

ይህ የፈተና ነጥብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ዋናተኞች ውኃ ውስጥ ብዙ ለመቆየት ብለው ከመጥለቃቸው በፊት በፍጥነትና በጥልቀት ደጋግመው ይተነፍሳሉ። እንዲህ ሲያደርጉ የሚጨምሩት ኦክስጅን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ግን ጠርገው ያስወጡታል። ስለዚህ የማስጠንቀቂያው ደወል ይዘገያል። ኦክስጅኑ አልቆ፣ የመተንፈስ ፍላጎት ሳይሰማቸው፣ ውኃ ውስጥ ራሳቸውን ይስታሉ። ሰው በዚህ ይሞታል። «ሐ» ብሎ የሸመደደ ተማሪ ነገ ሐኪም ሲሆን አንድ ወጣት ዋናተኛ ቢጠይቀው ምን ብሎ ያስጠነቅቀዋል?

ሌላም ልጨምር። «የሕዋስ ሽፋን በዕረፍት ጊዜ የሚኖረው የኤሌክትሪክ ልዩነት ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ገጠመኝ። ከምርጫዎቹ መካከል ከዜሮ በታች 70 ሚሊቮልትም አለ፣ ከዜሮ በታች 90 ሚሊቮልትም አለ። የየትኛው ሕዋስ? ለነርቭ ሕዋስ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 70 ነው፣ ለአጥንት ጡንቻ 90። ጥያቄው ሕዋሱን አልጠራም። መልሱ 70 ይላል፣ 90 ያለው ጓደኛዬ ስህተት ተባለ። ልጁ የጡንቻን ምዕራፍ በደንብ ስላነበበ ተቀጣ። ፊቱ ሲጠቁር አይቻለሁ፣ ከዚያ ቀን ወዲህም ጥያቄ አይጠይቅም።

ቁጥር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ያስፈልጋል፣ እኔም ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ። ግን ቁጥር ከየት እንደመጣ ሲታወቅ እንዴት ያለ ነገር እንደሚሆን ተመልከቱ። ከተሰጡን የቁጥር ዝርዝሮች በአንዱ «ልብ በደቂቃ የምትረጨው ደም፦ 5 ሊትር» ይላል፣ በቃ። በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በደቂቃ 72 ምት፣ አባዙት፣ 5 ሊትር ይመጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቪ በ1628 ባሳተመው ሥራ ላይ ያቀረበው ክርክር በዚሁ ዓይነት ስሌት የቆመ ነው። በዚያን ዘመን ደም ከምግብ በጉበት ውስጥ ያለማቋረጥ እየተሠራ አካል ውስጥ ያልቃል ተብሎ ይታመን ነበር። ሃርቪ ልብ በአንድ ምት የምታወጣውን ደም ዝቅ አድርጎ ገምቶ እንኳ በምቱ ብዛት ሲያባዛው፣ ምግብ ይህን ሁሉ ደም ሊያስገኝ እንደማይችል አሳየ። ስለዚህ ደሙ ያው ራሱ ነው፣ ዞሮ ይመለሳል። ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ እምነት የተናጋው በማባዛት ነው! እኛ የደረሰን የማባዛቱ ውጤት ብቻ ነው፣ ያውም በዝርዝሩ መካከል፣ በጨጓራ አሲድና በቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜ መሐል ተሸጉጦ።

«ጊዜ የለም» ይሉናል። እኔ ደግሞ ጊዜ የሚያባክነው ሽምደዳው ነው እላለሁ። ስለ አተነፋፈስ ያነበብኩት የአንድ ሌሊት ንባብ እስካሁን አልተረሳኝም። በቃሌ የያዝኩትን የሆርሞን ዝርዝር ግን አራት ጊዜ ደግሜዋለሁ፣ አራት ጊዜም ጠፍቶብኛል። ጥያቄ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ ከእያንዳንዱ መልስ ሥር ሁለት መስመር ጻፉልን። ሁለት መስመር! ወረቀት አያልቅባችሁም። የምታስተምሩን ደግሞ፣ ተማሪ «ለምን?» ሲል ሰዓት አትዩ።

ነገ ትምህርታችን ኩላሊት ነው። ወረቀቱ ዛሬ ተሰጥቶናል፣ «በቀን የሚጣራ 180 ሊትር፣ የሚወጣ ሽንት 1.5 ሊትር» ይላል። በአካላችን ያለው የደም ፕላዝማ፣ ማለትም ሕዋሳቱ የሌሉበት የደም ፈሳሽ ክፍል፣ 3 ሊትር ያህል ነው። ስለዚህ ያው ፕላዝማ በቀን 60 ጊዜ ያህል ይጣራል ማለት ነው። ኩላሊት ይህን ሁሉ አውጥቶ 99 በመቶውን መልሶ ለመሰብሰብ ለምን ይደክማል? መጣል ያለበትን ብቻ ለይቶ ቢያወጣስ? ጥያቄውን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በቀይ ጽፌዋለሁ። ነገ እጄን አወጣለሁ፣ መልስ እስካገኝም አላወርድም።