ማሳከክ «ትንሽ ህመም» አይደለም

ወንድሜ፣ «ማሳከክ ደከም ያለ ህመም ነው፤ ሲበረታ ህመም ይሆናል» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ አትፈር፣ ሳይንቲስቶችም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ሲሉ ኖረዋል።

እስቲ ሞርፊንን አስብ። ህመም ያስታግሳል። ግን በኦፕሬሽን ለወለደች እናት በወገቧ በኩል ሲሰጣት፣ ብዙ ጊዜ ፊቷንና አንገቷን ያሳክካታል። ማሳከክ ትንሽ ህመም ቢሆን ኖሮ አብሮ መጥፋት አልነበረበትም?

ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከአሜሪካ፣ ከሴንት ሉዊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የዙ-ፌንግ ቼን ቡድን በአይጦች ህብለ ሰረሰር ውስጥ ጂአርፒአር የሚባል መልእክት ተቀባይ ፕሮቲን አጠና። ፕሮቲኑ የሌላቸው አይጦች የሚያኩት በጣም ቀነሰ። በ2009 ደግሞ ፕሮቲኑን የተሸከሙትን የነርቭ ሴሎች ራሳቸውን አጠፏቸው። አይጦቹ የሚያሳክክ ነገር ቢወጉም ማከኩን ከሞላ ጎደል ተዉት። የሚያቃጥልና የሚያም ነገር ሲነካቸው ግን እንደ ወትሯቸው ይሸሻሉ።

ታዲያ ስናክ ለምን እፎይ እንላለን? እዚህ ጋ ግማሽ እውነት አለህ፤ ሁለቱ ስሜቶች ይነካካሉ። ጥፍራችን የሚፈጥረው ቀላል ህመም በህብለ ሰረሰር ያሉ ዝም አሰኚ የነርቭ ሴሎችን ይቀሰቅሳል። እነሱ የማሳከኩን መልእክት ወደ አንጎል ሳይወጣ ያፍኑታል። ከእነዚህ ሴሎች የተወሰኑት የጎደሏቸው አይጦች ቆዳቸው እስኪቆስል ድረስ ያካሉ።