የድሬዳዋ ፀሐይና የተቋራጮቻችን ነገር
ድሬዳዋ ላይ ቤት ሳሠራ ከሲሚንቶ ዋጋ ይበልጥ ያማረረኝ ተቋራጩ ሙቀቱን ከቁብ አለመቁጠሩ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ፣ ጎህ ሲቀድ መጀመር የነበረበት የሶሌታ (ጠፍጣፋው የኮንክሪት ወለል ወይም ጣሪያ) ሙሌት ሠራተኛው ዘግይቶ በመሰብሰቡ እኩለ ቀን ላይ ተጀመረ፤ ድብልቁ ቶሎ እየጠጠረ ሲያስቸግራቸውም በላዩ ውኃ ጨመሩበት። ውኃ በበዛ ቁጥር ኮንክሪቱ ጥንካሬውን እንደሚያጣ ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም።

ይበልጥ የሚያበግነው ግን ከሙሌቱ በኋላ የሆነው ነው። ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቁ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውኃ ጋር በሚፈጥረው ኬሚካዊ ውህደት ስለሆነ፣ ደረቁ ነፋስ እርጥበቱን እንዳይመጥጠው ቢያንስ ለ7 ቀናት በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ማጠጣት ያስፈልጋል። የእኔው ተቋራጭ በማግስቱ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ማጠጣት የባለቤቱ ሥራ ነው ይላል፤ በውላችን ላይ ግን (ደግሜ አንብቤዋለሁ) የእርሱ ነው። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋውን ስንጥቅ ጠርቼ ባሳየው፣ ልስን ይሸፍነዋል ብሎኝ የመጨረሻውን ክፍያ ጠየቀኝ።