እርማት፦ ከጃፓን የመጣ የቤዝቦል ወርዋሪም «አዲስ» ነው

«ወርዋሪው ሾታ ኢማናጋ ጃፓን ውስጥ 8 ዓመት በሙያው ተጫውቷል፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2024 ለአሜሪካ ሜጀር ሊግ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሽልማት መታሰብ አልነበረበትም» የሚል አስተያየት ሲደጋገም አየሁ። የ30 ዓመት ሰው ጀማሪ ሲባል ግር እንደሚል ይገባኛል። ደንቡ ግን እንዲያ አይልም።

የአሜሪካ ቤዝቦል ሜጀር ሊግ የሚቆጥረው እዚያው ሊግ ውስጥ የተጫወቱትን ብቻ ነው። አንድ ወርዋሪ ባለፉት ዓመታት በድምሩ ከ50 ኢኒንግ (ሁለቱ ቡድኖች ተራ በተራ ከሚመቱበት የጨዋታ ዙር) በላይ ካልወረወረ፣ ለጨዋታ በተመዘገቡ የቡድኑ ተጫዋቾች ዝርዝር ላይም ከ45 ቀን በላይ ካልቆየ አዲስ ይባላል። ኢማናጋ ጃፓን ውስጥ ለዮኮሃማ ቡድን የወረወረው አይደመርም።

ነገሩም አዲስ አይደለም። ሂዴዮ ኖሞ ጃፓን ውስጥ 5 ዓመት ከተጫወተ በኋላ በ1995 ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወርውሮ፣ 236 መቺዎችን በሦስት ስትራይክ (ኳሱን በአግባቡ ሳይመቱ) አሰናብቶ ሽልማቱን ወስዷል። ሌላው ጃፓናዊ ወርዋሪ ካዙሂሮ ሳሳኪም በ2000 ከሲያትል ቡድን ጋር ሽልማቱን ሲያሸንፍ 32 ዓመቱ ነበር። ያ አስተያየት ልክ ከሆነ የሁለቱም ሽልማት ያላግባብ የተሰጠ ሊሆን ነው፤ ይህ ደግሞ በጣም ያሳዝናል።

በ2024 ኢማናጋ በነበረበት በናሽናል ሊግ (ሽልማቱ ለየብቻ ከሚሰጥባቸው የሜጀር ሊጉ ሁለት ክፍሎች አንዱ) ያሸነፈው ወርዋሪው ፖል ስኪንስ ነው፤ በ23 ጨዋታ፣ በየ9 ኢኒንጉ በአማካይ 1.96 ነጥብ ብቻ ተቆጥሮበት። ይገባዋል። ያሸነፈው ግን ኢማናጋም ባለበት ውድድር ነው።

ማጣራት የሚፈልግ የኢማናጋን የሜጀር ሊግ ሰንጠረዥ ይክፈት፤ የመጀመሪያው መስመር 2024 ነው፣ ከዚያ በፊት አንድም ኢኒንግ የለም።