ድልድይ ሲሰበር አታጨብጭቡ

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ውስጤን እያቃጠለኝ ነው። «መንገዱ ተዘጋ»፣ «ድልድዩ ተመታ» የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ከሥሩ የምናዘንበው ጭብጨባ። ተው እንጂ! ምን ነካን?

ስንቅ የሌለው ጦር እንደማይዋጋ ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም። በ1888 ዓ.ም. የመቀሌው የጣልያን ምሽግ በጥይት አልተበገረም። እቴጌ ጣይቱ የውኃውን ምንጭ አስያዙና ምሽጉ በጥም ተለቀቀ። ግን ልብ በሉ፣ ያኔ የተጠማው ምሽግ ውስጥ የነበረው ጦር ነው። ዛሬ የጦር ብቻ የሆነ መስመር የለም። ጥይት በሚያልፍበት አስፋልት ላይ ዱቄትም፣ ማዳበሪያም፣ ምጥ የያዛት ሴትም ታልፋለች። መንገዱ ሲቆረጥ ወታደሩ በእግሩ ዞሮም ቢሆን ያልፋል። ኢንሱሊን የሚጠብቀው ሰው በየት ይዙር?

በሰኔ 2013 ከጎንደር ወደ ሽሬ የሚያሻግረው የተከዜ ድልድይ ፈረሰ። ማዶ ረሃብ ነበር። የእርዳታ እህል ከሚገባባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ደግሞ ያ ነበር። ሩሲያም እ.ኤ.አ. ከ2022 መገባደጃ ጀምሮ የዩክሬንን የኃይል ጣቢያዎች በሚሳኤልና በድሮን ስትደበድብ፣ ብርዱን የቀመሰው በየፎቁ ያለ ሽማግሌና ሕፃን ነው።

እዚያ በሚሳኤል የሚደረገውን እኛ አገር በመፍቻ የሚያደርገው አለ። የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ታወር እግር ላይ ያሉትን ብረቶች እየፈታ ለቁራሌ ይሸጣል። ታወሩን ቀጥ አድርገው የያዙት እኮ እነዚያ አግዳሚ ብረቶች ናቸው። ሲጎድሉ ንፋስ ይጥለዋል፤ አንዱ ሲወድቅ ሽቦው የጎረቤቱን ታወር ይዞ ይጎትታል። ጠላት ቢመጣ መጀመሪያ የሚፈልገውን ነገር በጥቂት ብር እየሠራንለት ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ማሽላዋን በአህያ ጭና ወፍጮ ቤት ደረሰች። መብራት የለም ተባለች። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ሲመሽ ጭነቱን እንዳለ ይዛ በጭቃው ተመለሰች። ልጆቿ ያን ማታ ቆሎ በልተው ተኙ። ጦርነቱ ከእሷ መንደር ሩቅ ነበር።

ብረቱን የሚፈታውን ሰው ብዙ ጊዜ ሰፈሩ ያውቀዋል። «ምን አገባኝ» ብለን አልፈነዋል። አሁን ግን ያገባናል። በሌሊት ብረት የጫነ ጋሪ በደጃችሁ ሲያልፍ አስቁሙትና ከየት እንዳመጣው ጠይቁት።