ቁም ነገሩ ጥያቄና መልሱ ላይ ነው

ደራሲያን ስለ አሜሪካ ፖለቲካና ታሪክ በየመጻሕፍት መደብሩ የሚያደርጉት ንግግር «መጽሐፍ መሸጫ ብቻ ነው» መባሉን አልቀበልም። መጽሐፍማ ይሸጣሉ። እኔን የሚያስኬደኝ ግን ጥያቄና መልሱ ነው።

ዋሽንግተን ኮኔቲከት ጎዳና ላይ ያለውን ፖለቲክስ ኤንድ ፕሮዝ የተባለ የመጻሕፍት መደብር ውሰዱ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። አብዛኛው ንግግር በነጻ ነው። መደርደሪያዎቹ መሃል ወንበር ይደረደራል፣ ደራሲው ይናገራል፣ ከዚያ ማይክሮፎኑ የሁሉም ነው።

አንድ ምሽት ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት የጻፈ ሰው ላዳምጥ ሄጄ ነበር። አንድ አዛውንት ሀበሻ ተሰልፈው ተራቸው ደረሰ። ወረቀት የያዘ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «አስመራ፣ ቃኘው ጣቢያ ሠርቻለሁ። መጽሐፍዎ ውስጥ ስንት ገጽ ሰጡት?» አሉ። ቃኘው በ1953ቱ ስምምነት ጸንቶ እስከ 1977 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) የቆየ የአሜሪካ የመገናኛና የስለላ ጣቢያ ነው፤ ዋሽንግተን ለጃንሆይ መንግሥት መሣሪያ ስትሰጥ የኖረችው በአብዛኛው ለእሱ ብላ ነው። ደራሲው ዝም አለና «አንድ አንቀጽ» አለ። ከዚያ ብዕሩን አውጥቶ እሳቸው የሚሉትን መጻፍ ጀመረ። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ራቅ ያላችሁ በአሜሪካው ሲ-ስፓን ቴሌቪዥን የመጻሕፍት ፕሮግራም፣ በቡክ ቲቪ፣ እሁድ እሁድ ማየት ትችላላችሁ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያላችሁ ግን እባካችሁ ኑ። በከተማው ሞልተናል፣ አዳራሹ ውስጥ ግን ሁለት ሦስት ብንሆን ነው። ስለ አፍሪካ ቀንድ ሲወራ ማይኩ ፊት የሚቆም ከእኛ ይኑር። ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ወንበር ቶሎ ያልቃል።